የደምሰው አንጀት ከላይ ሲታይ

(ጂንካ፣ ቅዳሜ ገበያ ዳር። አስጎብኚው ደምሰው ትልቅ ፖስታ ታቅፎ ከጎረቤቱ ከስምዖን ጋር ይጨቃጨቃል።)

ስምዖን፦ ቢሆንም ፖስታው ይተልቃል።

ደምሰው፦ አንተ ስለ ፖስታው! ውስጡ ያለው እኮ አንጀቴ ነው!

ስምዖን፦ (ራቅ ብሎ) በኢየሱስ ስም! አውጥተው ሰጡህ?

ደምሰው፦ ፎቶው ነዋ! ሲቲ ስካን። ሁለት ሳምንት ሽንት ቤት ደም ሳይ ቆይቼ ሐኪሟ ጋ ብሄድ፣ «በመቀመጫ በኩል ካሜራ ይግባ» አትለኝም? እኔን! እምቢ ብዬ ይኼን ተነሳሁ።

ስምዖን፦ ካሜራው ምን ፍለጋ ይገባል?

ደምሰው፦ ፖሊፕ።

ስምዖን፦ ፖሊስ በዚያ በኩል ምን አስገባው?

ደምሰው፦ ፖ-ሊ-ፕ! አንጀት ውስጥ የሚበቅል ትንሽ እባጭ። ሲቆይ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ገባህ?

ስምዖን፦ እኔስ ገብቶኛል። እንዳይገባ የከለከልከው አንተ ነህ።

ደምሰው፦ ሃያ ዓመት ፈረንጅ ያስጎበኘሁትን እኔን ስለ ካሜራ ልታስተምረኝ? ይኸው ከውጭ አነሱኝ፣ ምንም የለም!

ስምዖን፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ግን አውሮፕላን ማረፊያችን መሀል ከተማ ሳለ ከሜዳው ከብት አባርር አልነበር? አንዱ አብራሪ «ከላይ ሳየው ባዶ ነው» ብሎ አረፈ። እውነቱን ነው፣ አንድ በሬ አልነበረም።

ደምሰው፦ ታዲያስ!

ስምዖን፦ የእትዬ ባዩሽን ጫጩቶች ፈጃቸው።

ደምሰው፦ ጫጩት... ትንሽ ነዋ፣ ከላይ እንዴት ይታየው?

ስምዖን፦ ያንተ ፖሊስስ የበሬ ያህላል?

ደምሰው፦ (ፖስታውን እያገላበጠ) ቢኖር እንኳ ያኔ ያወጡታል!

ስምዖን፦ በፎቶው?

ደምሰው፦ በ... በካሜራው።

ስምዖን፦ ጎሽ! እኔ ሞኙ ደግሞ አንዴ ገብቶ፣ አይቶ፣ እዚያው ቆርጦ ቢወጣ ይሻላል ልል ነበር።

ደምሰው፦ እዚያው መቁረጡን ማን ነገረህ?

ስምዖን፦ ባለፈው ጥቅምት አርባ ምንጭ ሁለት አውጥተውልኛል። ምስር ምስር ያክላሉ።

ደምሰው፦ አንተ ተንኮለኛ! ታዲያ እስካሁን ለምን ታስለፈልፈኛለህ?

ስምዖን፦ አነጋገርህ እኮ! ጨርሶ እንዳልወጡልኝ ልታሳምነኝ ምንም አልቀረህም።

ደምሰው፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ስሞትልህ፣ ፈርቼ ነው። ያማል?

ስምዖን፦ አደንዝዘውኝ ነበር፣ መግባቱንም አላወቅሁ። ይልቅ የሚያስለቅሰው በዋዜማው አንጀት ለማጽዳት የሚጠጣው ነገር ነው።

ደምሰው፦ እሱ ደግሞ ምን ምን ይላል?

ስምዖን፦ (እየተነሳ) እሱን እንኳ ጠጥተህ አንተው ታስረዳኛለህ።