ፊታውራሪ ፍቅሩና የታቀፈችው ዶሮ

«ለአሥራ አንድ እንቁላል ነው የምሞተው። እሺ፣ ልሙት። ግን መቃብሬ ላይ በትክክል አጽፊልኝ፤ ፍቅሩ፣ የወልድያ ጎሚስታ፣ ዶሮ ሲጠብቅ ቀረ ብለሽ።»

ይህን ያለው በ2014 ነሐሴ ሃያ አንድ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ግቢው መሀል ቆሞ ነው። ባርኔጣው ጭንቅላቱ ላይ፣ ሻንጣው ትከሻው ላይ፣ የጫማው ክር ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ። ድምፁ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። ሚስቱ የሺ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ቀስ ብለህ ተናገር» አለችው። «ዶሮዋ ትደነግጣለች።»

«ዶሮዋ ትደነግጣለች። እኔስ?»

«አንተማ ከረቡዕ ጀምረህ ደንግጠህ ጨርሰሃል።»

እውነቷን ነው። በቆቦ በኩል ተኩሱ እንደገና የጀመረው ረቡዕ ነው። ሰዉ ገና «እውነት ነው ወይስ ወሬ» እያለ ሲጠያየቅ ፍቅሩ ሻንጣውን አስሮ፣ ፈትቶ፣ ደግሞ አስሮ ነበር። አሁን ከቆቦ የተነሣው ሰው ፍራሹን ተሸክሞ በአስፋልቱ ያልፋል፤ ከወልድያም ግማሹ እየተነሣ ነው፣ ግማሹ ያመነታል። የሺ ግን ማክሰኞ ብላለች። ማክሰኞ ዶሮዋ ትፈለፍላለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል።

በየከተማው አንድ ፍቅሩ አለ። አገሩ በሙሉ ቀጠሮውን ሁለት ሁለት ሰዓት ሲያረፍድ፣ ያ ሁሉ የተረፈ ሰዓት ዝም ብሎ የሚጠፋ ይመስላችኋል። አይጠፋም፤ አንድ ሰው ቤት ይጠራቀማል። የወልድያው የተጠራቀመው ፍቅሩ ቤት ነው። አውቶብሱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል ከተባለ፣ እሱ ዘጠኝ ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ ነው። ዘበኛውን የሚቀሰቅሰው እሱ፣ ሹፌሩን የሚቀሰቅሰው እሱ፤ አንድ ጊዜማ አውቶብሱን ራሱን ገፍቶ ያስነሣው እሱ ነው ይባላል። ሁሌ ከፊት ስለሆነ ሰፈሩ ፊታውራሪ ብሎ ሾመው። ሹመቱን ሊቀማው የሞከረ እስከ ዛሬ አልተገኘም። «የቀደመን ማን ይቀድመዋል» ነው ነገሩ ሁሉ።

ሠርግ ቤት ድንኳኑ ሳይተከል ይደርስና ድንኳን ተካይ ሆኖ ይውላል። ዝክር ላይ ሽንኩርቱ ሳይላጥ ይደርስና ሲልጥ አልቅሶ ያመሻል። ጎረቤታቸው አብዱልሐሊም ቤት አንድ ዓመት ጨረቃዋ ሳትታይ «ኢድ ሙባረክ» ብሎ ገባ። የአብዱልሐሊም ሚስት መሪማ «ጋሼ ፍቅሩ፣ ነገም እኮ ጾም ነው» ብትለው፣ «ግድ የለም፣ አልቸኩልም» ብሎ ተቀመጠ።

ከሁሉ የባሰው ግን የአያ ማሩ ነው። አያ ማሩ ታመው ጠና አሉ። ፊታውራሪ ወሬውን እንደ ሰማ የነጠላውን ጥለት እንደ ለቅሶ ወደ ላይ አዙሮ፣ የዕድሩን አግዳሚ ወንበር ትከሻው ላይ አድርጎ ደረሰ። በሩን የከፈቱለት ራሳቸው አያ ማሩ ናቸው።

«ፍቅሩ፣ ምነው አግዳሚ ተሸክመህ?»

ፍቅሩ አግዳሚውን ቀስ አድርጎ አወረደና፣ «አያ፣ ይቀመጡበት ብዬ ነው» አላቸው።

ተቀመጡበት። አያ ማሩ እስከ ዛሬ አሉ። ዕድሩ አንድ አግዳሚ እንደ ጎደለው ነው፤ እሳቸው ፀሐይ ይሞቁበታል።

ይህ ጠባይ ባሕር ማዶ ሲሄድ እንኳ ቤት አይቀርም። በ2011 ዓመተ ምሕረት ልጃቸው ቤዛዊት ዱባይ ሠርታ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ላከቻቸው። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ቦሌ ተገኙ ተባሉ። ፍቅሩ ሦስት ሰዓት የሚባለው ለሌላ ሰው ነው ብሎ ባንድ ቀን ቀደመ። የሺ የአየር ማረፊያው ወለል ላይ ጋቢ አንጥፋ አደረች፤ ጽዳት የሚሠራው ሰው በመጥረጊያው ዙሪያዋን እየዞረ ጠረገ።

እዚያም ደርሰው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት አውቶብስ ይመጣል ተባለ። ፊታውራሪ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሚስቱን ቀስቅሶ ሆቴሉ በር ላይ አቆማት። አንድ አውቶብስ መጣ። ገብተው የመጀመሪያውን ወንበር ያዙ። ቀጥሎ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ጉንጫቸው የቀላ አሮጊቶች ገብተው ሞሉት።

«ፍቅሩ፣ እነዚህ የኛ ሰዎች አይደሉም።»

«ክርስቲያን ናቸው። ዝም በይ።»

ሩማንያውያን ነበሩ። አስጎብኚያቸው ቆጠረ፤ ሁለት ሰው ተረፈው። ደግሞ ቆጠረ፤ ደግሞ ተረፈው። ሦስተኛ ጊዜ ሲሰለቸው ለሁለቱም ቢጫ ኮፍያ ሰጣቸው። ቀኑን ሙሉ ከነሱ ጋር ሲሳለሙ ዋሉ፤ የሺ በማታውቀው ቋንቋ አለቀሱ ብላ አብራ አለቀሰች፣ ሳቁ ብላ አብራ ሳቀች። ማታ ሲመለሱ የኛዎቹ ፖሊስ ጠርተው እንባቸውን ያፈሳሉ። ፊታውራሪ ቢጫ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ «ምን ያስለቅሳችኋል? እኛ ሁሉን አይተን ጨርሰናል» አላቸው።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ጦርነቱ ሲመጣ ይህ ሰው ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። በ2013 ሐምሌ፣ ጎረቤቱ ማሽላውን እየኮተኮተ ሳለ፣ እሱ ሚስቱን ይዞ መርሳ ገባ። የመርሳ ሰው «ምን ሰምተህ ነው?» ሲለው እሱ ውርጌሳ ነው። ውርጌሳ ሲጠይቀው ደሴ፤ ደሴ ገና በሰላም ገበያ ሲውል እሱ ኮምቦልቻ። ኮምቦልቻ ላይ ቤት ያከራየቻቸው ዓቢዳ የምትባል ሴት ጠባዩን በሳምንት ዐወቀችው። «ወንድሜ፣ ሻንጣህን ስታስር ንገረኝ» አለችው። «እኔ ባንድ ቀን እከተልሃለሁ።» እንዳለችውም አደረገች። ደብረ ብርሃን ላይ ተገናኙ።

በጥር ሲመለሱ በሩ ተሰብሯል፤ የፍቅሩ ኮምፕሬሰር የለም፤ የየሺ ስድስት ዶሮዎች የሉም። ፍቅሩ ስለ ኮምፕሬሰሩ አልተናገረም። የሺም ስለ ዶሮዎቹ ብዙ አላለችም፤ ግራና ገበያ ወርዳ አንዲት ቄብ ገዝታ መጣች፤ ስሟንም ግራና አለቻት። ቄቧ አደገች። በሐምሌ የጣለችው አሥራ አንድ እንቁላል ተጠራቀመ፤ የፍልሰታ ጾም ሲገባ የሚበላው የለም። ነሐሴ ሦስት አስታቀፈቻት። ሃያ አንድ ቀን ሲቆጠር ነሐሴ ሃያ አራት ነው፤ ማክሰኞ፣ የተክልዬ ዕለት። የሺ ልቧ የተሰፋው እዚህ ላይ ነው። ቤት ጥላ ስትሄድ አንድ ጊዜ ባዶ አግኝታዋለች፤ ሁለተኛ አትሄድም፤ ሄደችም ከጫጩቶቿ ጋር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ክርክሩ እንደ ጋለ አብዱልሐሊም በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። ሐራ ገበያ ፍየል የሚነግድ፣ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰው ነው።

«አሰላሙ አለይኩም ብል የሚሰማኝ የለም እንጂ» አለ። «ፍቅሩ፣ ሐራ ያሉት ፍየሎቼ ሳይቀሩ ሰምተውሃል።»

«እንኳን መጣህ። ፍረድ።»

የሺ ምስሩን አስቀመጠች። «ፍርድ አንፈልግም። እንወራረድ። ከኔና ካንተ ቀድሞ ‹እንሂድ› ያለ ይሸነፋል።»

«ምን ታስይዣለሽ?»

«እኔ ከተሸነፍኩ፣ ከእንግዲህ ተነሺ ባልከኝ ሰዓት፣ ጅብ ጉድጓዱ ሳይገባም ቢሆን፣ ትንፍሽ ሳልል እነሣለሁ። አንተ ከተሸነፍክ ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ነው የምትሄደው። ነጠላዬን ለብሼ፣ ጫማዬን ፈልጌ፣ በሩን ቆልፌ፣ ረሳሁ ብዬ ተመልሼ።»

ፍቅሩ የመጨረሻዋን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ግን ሰው እየሰማ ነው፤ «ይሁን» አለ።

«ወላሂ በባልና ሚስት መሀል አልገባም» አለ አብዱልሐሊም፤ ብሎም ገባ። «ግን ቃሏ ብቻ አይደለችም። እንነሣ፣ እንውጣ፣ እንቀጥል፣ ሁሉም ‹እንሂድ› ናቸው። ፍቅሩን አውቀዋለሁ፤ በጎን ይገባል።»

የዚያን ዕለት ፊታውራሪ ምላሱን ሲያስር ያየ ሰው ያዝንለታል። በአፉ ያላለውን በሌላው ሁሉ አለ። «ሰማዩ ለመንገደኛ ጥሩ ነው» ይላል። «የነማሩ በር ተቆልፏል መሰለኝ» ይላል። ሻንጣውን በር ላይ ያስቀምጥና ይቀመጥበታል። የሺ ምስሯን ትለቅማለች። ማታ ላይ አብዱልሐሊም መሪማንና ልጆቹን መርሳ አድርሶ ተመለሰ፤ በየጎረቤቱ ቤት መብራቱ ጠፋ።

ወልድያ ከተመለሱ ወዲህ የሺን የሚከነክናት አንድ ነገር አለ። ቦኖ ውሃ ሰልፍ ላይ ሴቶቹ የዚያን ዓመት ያወራሉ። አንዷ ጣሪያዋን፣ አንዷ ልጇን፣ አንዷ አልጋ ሥር ያደረችበትን። ወሬው የሺ ጋ ሲደርስ ይዘላታል። «አንቺማ አላየሽም» ይሏታል፤ በክፋት አይደለም። እሷም ጄሪካኗን ወደ ፊት ትገፋለች። አምስት ወር ተሰድዳ አንዲት ጥይት ሳትሰማ ተመለሰች። ሰው ሲለፋ ዛፍ ጥላ ሥር እንደተኛች ያህል ያሳፍራታል።

እሑድ ከሰዓት ግን ሰማች። ከሰሜን በኩል፣ ባዶ በርሜል ከላይ እንደሚወድቅ ዓይነት፤ አንድ፣ ቆይቶ ሁለት። ውሃ ተሸክማ ነበርና ጄሪካኑን አስቀምጣ ግድግዳውን ያዘች። ለካ ሴቶቹ ወሬያቸውን ሲጨርሱ ፊታቸው ላይ የሚቀረው ነገር ይሄ ነው። ያ ነገር ከሷ ፊት የጠፋውም እንዲያው አይደለም፤ ፍቅሩ ቀድሞ ስላወጣት ነው። ኮምቦልቻ ላይ በሌሊት «ተነሺ» ያላትን ቀን ረግማዋለች፤ አባቱንም ጨምራ።

ፍቅሩን ፈለገችው። ጎሚስታ ቤቱ ደጃፍ ቁጢጥ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ በቢላ የሆነ ነገር ይቆርጣል። «እንሂድ» የምትለው ቃል ጥርሷ ጋ ደርሳ ተመለሰች።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሄዳ አየችው። የሲኖ ጎማ ነው፤ ያረጀ። ታቹን በከመነዳሪ፣ በጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ወጥሮ ዘግቶታል፤ ውስጡን ጭድ ሞልቶታል፤ ላዩ ላይ የሚከደን ወንፊት ሽቦ አበጅቶለታል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጎማ ነው።»

«ጎማ መሆኑንማ አየሁ።»

«የመንገድ ጉድጓድ የሚችለው ጎማ ነው» አለ ፍቅሩ፣ ቀና ሳይል። «እንቁላል በቅርጫት ብትይዢ ሲሪንቃ ሳትደርሺ ይፈርጣል።»

የሺ ጎንበስ ብላ ሽቦውን በጣቷ ነካችው። «መቼ ጀመርከው?»

«ረቡዕ።»

«ረቡዕ ጀምረህ ነው ቅዳሜ ያን ሁሉ የጮህክብኝ?»

ፍቅሩ እጁን ዘረጋላት። ከጣቱ እስከ አንጓው በቀይ ነጠብጣብ ተበሳስቷል። «ሦስት ጊዜ ሞከርኳት» አለ። «ትነቁረኛለች። ላንቺ ካልሆነ አትነሣም። አንቺ ካልተነሣሽ ደግሞ እሷን ማን ያነሣታል?»

የሺ እጁን አገላብጣ አየችው። «ደግ አደረገች» አለች። ግን ገብታ ቅባት አምጥታ ቀባችው።

ገና የቅባቱን ክዳን ሳትከድን የአብዱልሐሊም ፒክአፕ በሩ ላይ ቆመ። ጥሩንባ አልነፋም፤ ሞተሩንም አላጠፋም። «ግቡ» አለ ብቻ።

ሁለቱ ተያዩ። ማንም ቃል አልተነፈሰም። የሺ ገባችና ግራናን ከነሙቀቷ በነጠላዋ አቅፋ አነሣቻት። እንቁላሉን አንድ በአንድ ጭዱ ላይ ደረደረች፤ ዶሮዋን አስቀመጠችባቸው። ዶሮዋ ዞር ዞር ብላ ጎማውን መረመረችና ክንፏን ዘርግታ ተኛች። ፍቅሩ ጎማውን ተሸክሞ ከኋላ ጫነው፤ በሩን ቆለፉ፤ ግራና ቀኝ ሆነው ጎማውን እንደ ገበታ መሀል አድርገው ተቀመጡ። ፒክአፑ የፍየል ሽታ ይሸታል።

ሲሪንቃ ሲያልፉ አብዱልሐሊም በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ማን ተሸነፈ?» አለ።

«እሷ ናት፤ ተነሥታ ገባች» አለ ፍቅሩ።

«መግባት ‹እንሂድ› ማለት አይደለም» አለች የሺ። «እሱ ነው የተሸነፈው፤ መንገድ መንገድ ሲል የከረመው እሱ ነው።»

«መንገድ አልኩ እንጂ ቃሏን አልኩ? አብዱልሐሊም፣ ብያለሁ?»

«አስተግፊሩላህ፣ እኔ አልሰማሁም። ከሁለታችሁም አልሰማሁም።»

መርሳ ሲገቡ አስፋልቱ ዳር በሰውና በዕቃ ተሞልቷል። ግማሹ እዚሁ እናድራለን ይላል፤ ግማሹ ወደ ውርጌሳ፣ ወደ ደሴ ይነጉዳል። አብዱልሐሊም ዳር ያዘና ወደ ኋላ ዞረ።

«መሪማ ያለችበት ቤት ቦታ አለ። ደሴም ካላችሁ አደርሳችኋለሁ። እንቀጥል ወይስ ትወርዳላችሁ?»

የሺ ፍቅሩን አየችው። ፍቅሩ ሰማዩን ያያል። የጫማው ክር እንደ ተቋጠረ ነው፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል፤ አፉ ግን ተከድኗል። እሷም እጇን በወንፊቱ ሥር አሾልካ ከዶሮዋ ሆድ ሥር ከተተች፤ ዶሮዋ አልነቆረቻትም። በጣቷ ቆጠረች። አሥራ አንድ፤ ሁሉም ሙቅ።

«ኧረ መልሱልኝ» አለ አብዱልሐሊም። ከኋላው የቆመ አውቶብስ ጥሩንባውን ነፋ።

«እሱን ጠይቀው» አለች የሺ።

«እሷን ጠይቃት» አለ ፍቅሩ።