ማጭድ ሳይዝ ደቦ የመጣው

እኔ የምለው፣ ይህን የቡድን ሥራ የሚባል ነገር ያመጣብን ሰው ራሱ በቡድን ሠርቶ ያውቅ ይሆን? በእኛ በላስታ ማጭድ ሳይዝ ደቦ የመጣ ሰው ጠላ አይቀዳለትም። ትምህርት ቤት ግን መጀመሪያ የሚቀዳው ለእሱ ነው!

ላሊበላ አስጎብኚነት ስማር ስለ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን እንድናጠና አምስት ሆነን ተመደብን። ሦስቱ ወዲያው ጠፉ። አራተኛው፣ ፈንታው፣ ግን አልጠፋም፤ እሱ የባሰ ነው። "አንተ ጻፈው፣ እኔ አቀርበዋለሁ" አለኝ። ብቻዬን በእግሬ ሄድኩ። ቄሱን ጠየቅኋቸው። አንዲት የጠበል ጠብታ ከዋሻው ጣሪያ አናቴ ላይ አረፈች፤ እሷንም ሳልተው ጻፍኩ።

በማቅረቢያው ቀን ፈንታው ተነሣና "ቄሱን ስጠይቃቸው..." ብሎ አይጀምር መሰላችሁ! ቆየት ብሎ ደግሞ አናቱን እየዳሰሰ "ጠብታዋ እዚህ ጋ አረፈችብኝ" አለ። ክፍሉ አጨበጨበ። የእኔን ጠብታ! ወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ፤ ብድግ ልል እልና መልሼ እቀመጣለሁ። መምህሩ አዩኝና "አንተ ምንም ስላልተናገርክ አምስት ነጥብ ቀንሼብሃለሁ" አሉኝ።

ስንወጣ ፈንታው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ለሚቀጥለው እንኳ ትንሽ ተሳተፍ እንጂ፣ ወንድሜ!"