ጋሼ አበጋዝ እጅ ሲጨብጡ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ቤት ሁሉ፣ የሕፃን እጅ ይዞ ካልጨመቀ ሰላምታ ያቀረበ የማይመስለው አንድ ጎልማሳ አይጠፋም። ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ፣ መሠረት ከልጇ ጋር በምትኖርበት አፓርታማ፣ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ጋሼ አበጋዝ ናቸው። ሳምንቱን ዳውንታውን ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ይሰነብቱና፣ እሑድ ሲሆን የልጆች ጉልበት መርማሪ ይሆናሉ።

«ጨብጪኝ! ጠንከር! ቁርስ አልበላሽም እንዴ?»

ልጅ ጥርሷን ነክሳ ትታገላለች። እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ያፏጫሉ። ከዚያ መልሰው ጭምቅ ያደርጓትና እንባዋ ዱብ ሲል «አይዞሽ፣ ጉልበት እንዲህ ነው የሚመጣው» ብለው ይስሟታል። የጎረቤትን የስምንት ወር ሕፃን እንኳ «ይሄ ልጅ ላላ አለብኝ» ብለውታል።

መሠረት ፊዚካል ቴራፒ፣ ማለትም የጡንቻና የእንቅስቃሴ ሕክምና፣ ትማራለች። ንዴቷን ለእንግዳ ክብር ስትል ስትውጠው ቆይታ፣ ባለፈው ሰኞ ሞልቶ ፈሰሰ። የሰባት ዓመት ልጇ ሮማነወርቅ ትምህርት ቤት ግቢ ያለው የመጫወቻ ብረት ላይ መንጠልጠል መተዋን አስተማሪዋ ነገረቻት። ለምን ብትላት፣ «አይ አም ዊክ፣ እማዬ። ጋሼ አበጋዝ ያውቃሉ» አለቻት።

የመሠረት ደም ፈላ። ደካማ! ጉልበት ሁሉ በሳቸው መዳፍ ይለካ ያለው ማን ነው?

እሑድ ገና እጃቸውን ሲዘረጉ መሃል ገባች።

«ጋሼ አበጋዝ፣ ይበቃል! ልጅ ማለት ያጠረ ትልቅ ሰው አይደለም። ጡንቻን የሚያዘው ነርቭ ነው። የእርስዎ ነርቭ ‹ተነሱ› ሲል ጡንቻዎ ከሞላ ጎደል ባንዴ ይነሳል። የእሷ ገና ሁሉን ባንዴ መቀስቀስ አይችልም። ድክመት አይደለም፣ ዕድሜ ነው!»

«ሶ፣ ጉልበት የላትም ማለትሽ ነው። እኔስ ምን አልኩ?» አሉ ጋሼ አበጋዝ።

ይሄኔ ባሰባት። ለታካሚ የሚሰጡትን ሁለት የላስቲክ ኳሶች አምጥታ አንዱን ወረወረችላቸው። «ኦኬ። ይሄ የሚዘፍነው ሸክላ ሁለቱም ገጽ እስኪያልቅ ባላችሁ ጉልበት እየጨመቃችሁ ልቀቁ። እንደጀመረ መጨረስ ያቃተው ተሸነፈ።»

የሳቸው ኳስ ተጨፈለቀ፤ የሮማነወርቅ እምብዛም አልተነካም። የተሰበሰበው እንግዳ ሁሉ ሳቀ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ግን የጋሼ አበጋዝ ፉጨት ቆመ። ሸክላው እስኪገለበጥ ሁለቱም አረፉ፤ ልጅቱ እንደ አዲስ ጀመረች፣ የሳቸው ክንድ ግን መንቀጥቀጥ ያዘ።

«ያልቀሰቀሰችው ጡንቻ አልደከመባትም፤ የደከመውም ቶሎ ያገግማል» አለች መሠረት፣ ድምፅዋ እንደከረረ።

ኳሱ ከእጃቸው ወድቆ ሶፋ ሥር ገባ። ሮማነወርቅ አሁንም ትጨምቃለች።

ሲመሽ ጋሼ አበጋዝ በዛለ እጃቸው የመኪናቸውን ማርሽ መቀየር አቃታቸው። መሠረት እየተነጫነጨች በራሳቸው መኪና ቤታቸው ወዳለበት ወደ ኮሪያታውን ድራይቭ አደረገቻቸው። ይህንኑ ማርሽ ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ፤ ያኔ ስንቴ ሞተር ስታጠፋባቸው አንድም ቀን አልጮኹባትም። ይህን ማስታወሷ ራሱ አናደዳት።

ቀይ መብራት ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መሢ፣ ልጅቱ ጠላችኝ?» አሉ።

መሠረት ዓይኗን ከመብራቱ ሳትነቅል መለሰች።

«ስንወጣ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? ‹እጃቸውን በጣም አሟቸው ይሆን?› ነው ያለችኝ።»

ጋሼ አበጋዝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ መሠረት አልተንቀሳቀሰችም።

«ትንሽ ብቻ ነው ያመማቸው በያት» አሉ።