አቀርቅሮ የሚሄደው ጎረቤታችን

አቀርቅሮ የሚሄድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የደብረ ብርሃን ብርድ ሁላችንንም አንገት ያስደፋናል፤ የጎረቤታችን የመምህር ጌታሁን ግን ይለያል። ሰላምታውን እንኳ የሚሰጠው ለጫማችሁ ነው! ምን ያድርግ? የሚያጠናው ጥንት ጭቃ ላይ ሄደው ዱካቸው ድንጋይ ሆኖ የቀረ ተሳቢ እንስሳትን ነው።

«አጥንት የሚነግርህ እንስሳው የሞተበትን ቦታ ነው» ይለኛል። «ዱካው ግን በሕይወት ሳለ እንዴት ይሄድ እንደነበር፣ ሆዱን እየጎተተ ይሁን በእግሮቹ ከፍ ብሎ፣ ይነግርሃል።»

በቀደም የሰፈራችን ሰው ጋሽ ከበደ አርፈው ለቅሶ ልንደርስ አብረን ሄድን። መምህሩ በሩ ጥግ ሲደርስ አቀርቅሮ ቀረ። ለቀስተኛው ሐዘን ያጎበጠው መስሎት «ከወንድም በላይ ነው እኮ!» ይላል። እኔ ግን ምን እያየ እንደሆነ ስለገባኝ አፈርኩ። ጭራሽ ተንበረከከ! ሴቶቹ ሊያነሡት ሮጡ።

«እትዬ አልማዝ» አላቸው የሟችን ባለቤት፣ ፀሐይ ያደረቀውን ጭቃ እያሳየ። «ጋሼ በግራ እግራቸው ያነክሱ አልነበር? ይሄ የእሳቸው ዱካ ነው። በከዘራቸው ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዙረው ቆመው ነበር።»

እትዬ አልማዝ ለቅሷቸውን አቋረጡ።

«ሐኪም ቤት ልወስደው ስንወጣ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «መኪናው ቆሟል፣ ምን ያስቆምሃል ብዬ ተቆጣሁት። ለካ ቤቱን እያየ ነበር።»

ከጓዳ ሳፋ አምጥተው ዱካውን ከደኑት። ከዚያ ወዲያ የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ በሳፋው ዳር ዞሮ ያልፍ ነበር። እኔም ስወጣ አቀርቅሬ አለፍኩ።