አቶ ጉደታን የገደለው ማመልከቻ

በዚህ ከተማ ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ወላጅ አልባ ሆኖ ያውቃል። እናት አባቱ ቤታቸው በጤና ተቀምጠው እሱ ማመልከቻው ላይ ቀብሯቸዋል። ቀባሪውም ይታወቃል፤ ቀበሌው ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አስቀምጦ የሚጠብቀው ማመልከቻ ጸሐፊ ነው።

የፈረንሳይ ለጋሲዮኑ ሊቀ ማመልከቻ ወልደ ሐዋርያት ይባላሉ፤ ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው። በደርግ ዘመን ንጉሡ ከዙፋን ሲወርዱ ልመናው ከወረቀት ላይ አልወረደም። ሊቀ ማመልከቻም «ግርማዊ ሆይ» ይሉ የነበረውን «ጓድ ሆይ» ብለው ቀጠሉ። ከላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም»፣ ከታች «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር»፣ መካከሉ ያው የድሮው እንባ። ሌላ ሰው የጻፈውን ካሳዩአቸው፣ እንደ ራጅ ወደ ብርሃን አንስተው ያዩትና «ይኼ ደብዳቤ አላለቀሰም!» ብለው ይመልሱታል።

ጂቱ ወደ እሳቸው የሄደችው ወዳ አይደለም። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ያስተማራት ባለሙያ ናት። አባቷ አቶ ጉደታ ዘበኛ የሆኑበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሰው ፈለገ። በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ብትማርም አባቷ «ደብዳቤ በባለሙያ ነው» ብለው ላኳት።

«ጋሼ፣ ሱሪ እቆርጣለሁ፣ ኮሌታ እሰፋለሁ ብለው ይጻፉልኝ። በቃ።»

«ይኼማ ማስታወቂያ ነው! ስንት ታናናሾች አሉሽ?»

«እሱ ከስፌት ጋር ምን አገናኘው? ሥራ እኮ ነው የምጠይቀው፣ ምጽዋት አይደለም!»

«ልጄ፣ ችሎታሽን ማን ጠየቀሽ? ችግርሽን አምጪ!»

ጻፉ፣ ጻፉ፣ ጻፉ። ላንብበው ብትላቸው ኤንቨሎፑን ላስ አድርገው አሸጉት። አመልካች ካነበበው ዕድሉ ይበርዳል ባይ ናቸው።

በማግስቱ አቶ ጉደታ ቆባቸውን አስተካክለው፣ ልጃቸውን አስከትለው፣ ፖስታውን በሁለት እጃቸው ለሥራ አስኪያጁ ሰጡ። ሰውየው ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «አባቴ በሞት ከተለየኝ ወዲህ ጎጆዬ ፈርሶ፣ እንባዬ ከእንጦጦ የሚወርደውን ጅረት አስንቆ...» ቀና አለ።

«አቶ ጉደታ፣ ይቺ ልጅ የማን ናት አሉኝ?»

«የእኔ ናት፣ ጌታዬ... ጓድ።»

«ታዲያ እርስዎ መቼ ሞቱ?»

አቶ ጉደታ ትንሽ አሰቡ። «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ለእኔ ማንም አልነገረኝም።»

የጂቱ ደም ፈላ። «አባቴ አልሞተም፤ ጎጆዬም አልፈረሰም! ሙያ አለኝ። ማሽን ስጡኝና እዩ!»

ሥራ አስኪያጁ ሳቁ አላናግር ቢለው በእጁ ወደ ማሽኖቹ አመለከተ። አንድ ኮሌታ ሰፍታ አሳየች፤ ተቀጠረች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሊቀ ማመልከቻ ጠረጴዛ።

«አባቴን ገደሉት!»

«ሥራው ተገኘ?»

«ተገኘ፣ ግን...»

«ታዲያ! እሳቸው ባይሞቱ ማን ያነብልሽ ነበር?»

ያናደዳት ደግሞ እውነት መሆኑ ነው። የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ የሌላው ሰው ማመልከቻ ተከፍቶ ሳይነበብ ተቆልሎ አይታለች።

አቶ ጉደታ ግን አልተቀየሙም። ጠዋት ጠዋት ሲያልፉ «ደህና አደሩ፣ ገዳዬ?» ይላሉ። «ደህና፣ ሟች! ዛሬስ ማን አስነሳዎት?» ነው መልሱ። ከሥራ ሲወጡም ከጸሐፊው ጠረጴዛ ጎን ካለው አግዳሚ ላይ አብረው ይቀመጣሉ። የሚያመነታ አመልካች ከመጣ አቶ ጉደታ «አይዞህ፣ እኔን ገድለውኝ ልጄ ሥራ ይዛለች» እያሉ ያደፋፍራሉ። ጂቱ በዚያ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች፤ ሳቋ እንዳይታይባት።

ዓመታት አለፉ። አቶ ጉደታ የእውነት ሞቱ።

ሰልስቱ ሲያልፍ ጂቱ የእናቷን የጡረታ ማመልከቻ ልታስጽፍ መጣች። ራሷ መጻፍ አያቅታትም ነበር፤ እግሯ ግን ሌላ ቦታ አልወስድ አላት። ሊቀ ማመልከቻ ብዕራቸውን ከፈቱ። የሰፈሩን አባት ሁሉ ሲቀብር የኖረ ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆመ። ቆይቶ ቆይቶ ሁለት መስመር ጻፈ፤ «ባለቤቴ አቶ ጉደታ ሞተዋል። ጡረታቸው እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

«ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው።»

«ጋሼ፣ ይኼ ደብዳቤ አላለቀሰም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ኤንቨሎፑን ወደ አፋቸው አስጠጉና መልሰው፣ ክፍቱን ዘረጉላት።

«አንብቢውና አንቺው አሽጊው፣ ልጄ። የእኔ ምላስ ደርቋል።»