ብሩን ይዘው የሄዱት ሙዝ ሻጭ

ይህ ወግ ይጻፋል? እኔም እጠራጠራለሁ። ግን ገንዘቡን ከዓይኑ የማይለይ መንገደኛ አላጋጠማችሁም?

እኔ ያስጎበኘሁት ፈረንጅ አርባ ምንጭ ላይ ዶላሩን ከመነዘረ ጀምሮ ኪሱን ሲዳስስ ይውላል። ከከተማው አቅራቢያ ላንቴ በምትባል መንደር ሙዝ ገዝቶ ሁለት መቶ ብር ሲሰጥ፣ ሻጯ እትዬ ብርቄ "ዘርዝሬ ልምጣ" ብለው ሄዱ።

"ይዛው ጠፋች!" አለኝ። ጥርጣሬ ተላላፊ ነው መሰለኝ፣ ተከትለናቸው ሮጥን።

መልሱን ይዘው ሲመጡ መንገድ ላይ አገኘናቸው።

"ልጄ፣ ሙዜን ለማን ትታችሁ መጣችሁ?"

ለካስ መደቡን ሁሉ ለእኛ አምነው ነበር! ስንደርስ ፍየሎች ሙዙን ጨርሰውታል። ፈረንጁ አፍሮ ኪሳራቸውን ከፈለ።

ከዚያ ወዲያ ፈረንጁ ሙዝ ሊገዛ እየተመላለሰ፣ እትዬ ብርቄ ለዝርዝር በሄዱ ቁጥር በትር ይዞ ፍየሎቹን በጥርጣሬ ያፈጥባቸው ነበር። ጥበቃው ያበቃው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በመስቀል ማግስት መስከረም ዐሥራ ስምንት ቀን ነው።