አልካፈልም ያለው ቁጥር

ቁጥርም እንደ ሰው ነው ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፤ እኔ ግን ከሳቅ ካለፍሁ ቆየሁ። ዐሥራ ሁለትን የመሰለ ደግ ቁጥር የት ይገኛል? ለሁለት በሉት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለስድስት፣ እሺ ብሎ ይካፈላል፤ ማንንም አያስቀይምም። ደግሞ አለላችሁ፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም ቢመጣበት ንቅንቅ የማይል። እንዲህ ያለው ክፉ ትንሽ ሲሆን ወዲያው ይታወቃል፤ ሰባትን ማን ይስታል? መከራው ሲተልቅ ነው። ጨዋ መስሎ ይቀመጣል፤ አንድ በአንድ ካልሞከራችሁት አታውቁትም። የእኔን ቤት ያፈረሰው ዐሥር ሺሕ ሁለት መቶ ሃያ ሦስት ይባላል።

ጣልያን በወጣ በጥቂት ዓመት ነው። ቁስቋም ደብር ውስጥ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለት የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ሒሳብ፣ አስተምር ነበር። ደቀ መዝሙር እንጂ ደመወዝ የለኝም። ሚስቴ የሻረግ ሕፃን ታቅፋ ባዶ ሌማት ማየት ሰለቻት። አባቷ አያ ደምሴም ከማክሰኝት መጥተው፣ እስከ ሰኔ እንጀራ ካላገኘሁ ልጃቸውን እንደሚወስዱ ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው፤ ምን ብዬ ልቆጣ? በዚህ መሐል አዲሱ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ሄድሁ።

ዲሬክተሩ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎልማሳ ነው። በክብር ተቀበለኝና ያን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጽፎ አካፋይ ፈልግለት አለኝ። ጠመኔውን ትቼ በቃሌ ጀመርሁ። በሦስት፣ በሰባት፣ በዐሥራ ሦስት አልሆነም። ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ደስ አለኝ፤ እኛ ዓመተ ዓለምን ለዐሥራ ዘጠኝ እየገደፍን፣ ማለት እያካፈልን ትራፊውን እየያዝን፣ አይደል ፋሲካን የምናገኘው? አምስት መቶ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ይደርሳል፣ ምንም አይተርፍ አልሁት።

ሠራው። አንድ ተረፈው። ደግሞ ሠራው።

«መሪጌታ፣ ይቺ አንዷስ የት ገባች?»

«እርሷማ ለዘመኑ ተጣለች።»

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ። እኛ ዘንድ ለዐሥራ ዘጠኝ በገደፍን ቁጥር፣ ከተረፈው ላይ አንዱን፣ ዓመቱ ገና አላለቀም ብለን እንጥላለን። ሥርዓት ነው፤ ሳላስበው ጣልኋት። ዲሬክተሩ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጥሩ አካፋይ የሚባል ነገር እንደሌለው በትሕትና አስረድቶ፣ ሌላ ሰው እንደሚቀጥር ነግሮ፣ እስከ በር ሸኘኝ።

የሻረግ ፊቴን አይታ ገባት። በስንት እንደሳትሁ ጠየቀችኝ፤ በአንድ ነው አልኋት።

«በአንድ ብቻ? ምነው ታዲያ አንዷን ጨምረህላቸው አትመጣም ነበር?»

ሰኔ ሲገባ አያ ደምሴ በቅሎ ይዘው መጡ፤ እርሷም ሕፃኑን ታቅፋ ሄደች። አለቀስሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ። ቤቱ አስጠላኝ፣ ትምህርቱም አስጠላኝ።

በጥር ከአማቴ ከአያ ደምሴ ደብር ሰው ተላከብኝ። ቄሱ አርጅተው ሒሳቡ ስለጠፋቸው፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ አውጣልን ይላሉ። አንዷን እንደ ሥርዓቱ ጥዬ አወጣሁላቸው፤ ልክ ነበር። ሚስቴም አባቷም እኔ ባወጣሁት ቀን ጾሙ፣ እኔ ባወጣሁት ቀን ፈሰኩ። ለፋሲካ ና ያለኝ ግን የለም።